የነገ ሥራ ዝርዝርና የሰው ሐቅ



ማታ ከዒሻእ በኋላ ቁጭ ብሎ የነገን ሥራ በወረቀት መዘርዘር፣ ጠዋት ከላይ ጀምሮ መሥራት፣ ያለቀውን መሰረዝ መልካም ልማድ መሆኑን ብዙዎች ይመክራሉ። ዛሬማ ስልኩ ራሱ እየጮኸ ያስታውሳል። እኔም ጅማ ጊንጆ ውስጥ ስኖር ለዓመታት ደብተር ይዤ እንዲህ ሳደርግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደብተሬን እወደው ነበር ብል አልዋሽም። ማታ ላይ ስምንቱም መስመር ተሰርዞ ሳየው፣ ቀኑን ያሸነፍኩት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የምጽፈው ደብተሩን ለማወደስም ለመንቀፍም ሳይሆን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። ሰው በገዛ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን ሥራ ከዛሬ ወደ ነገ የማሻገር መብት አለውን?

አስቀድሞ አንድ ነገር መጥራት ይኖርበታል። «ነገን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ ዝርዝር ማውጣት ከተወኩል ጋር አይሄድም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እነዚህ ወንድሞች ግን ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ ማለትም የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ፣ ዕዳን ስለ መጻፍ የሚናገር መሆኑን ልብ ሊሉ ይገባል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ተጽፎ ከራሱ ዘንድ ሳይኖር ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው አስተምረዋል። በሱረቱል ከህፍም ነገ እሠራለሁ ስንል «ኢንሻአላህ» እንድንል የታዘዝነው፣ ነገን የራሳችን ንብረት አድርገን እንዳንቆጥር እንጂ ስለ ነገ እንዳናስብ አይደለም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በ2014 ዓ.ም. የቡና ለቀማ ወቅት ነው። የሰፈራችን ሽማግሌ የሆኑ አንድ ሐጂ ነበሩ። በአጋሮ በኩል ካሉ ገበሬዎች ጀንፈል እየሰበሰቡ የኖሩ፣ ሒሳባቸውን ሁሉ በቃላቸው የሚይዙ ሰው ናቸው። አንድ ጁምዓ ከመስጂድ ስንወጣ እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ አንተ እጅህ ከብዕር አይርቅም። አንድ ቀን ና፣ ያለብኝን ጻፍልኝ። ይህ ራስ እየከዳኝ ነው» አሉኝ። «ኢንሻአላህ፣ ሐጂ» አልኳቸው። በዚያው ማታ በደብተሬ ላይ «ሐጂ ዘንድ መሄድ» ብዬ አሰፈርኩ።

በማግስቱ የቤት ኪራይ ጉዳይ ነበረኝ፤ ቀጥሎ የልጅ ትምህርት ቤት፤ ቀጥሎ እንግዳ። መስመሩን ወደ ነገ አዛወርኩት። በኋላ ደብተሩን ገልጬ ስቆጥረው አሥራ አንድ ጊዜ ተዛውሯል። አሥራ አንዱንም ጊዜ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ነው የጻፍኩት! በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሱብሒ ላይ ማረፋቸው ተነገረ።

በጀናዛው ላይ እንደ ደንቡ ልጆቻቸው ቆመው «አባታችን ላይ ዕዳ ያለው ሰው ወደ እኛ ይምጣ» አሉ። የሰሙት መጡ፣ ተከፈላቸው። ያልሰሙትስ? እሸት ለቀማ ላይ ያሉ፣ መንገዱ የራቃቸው፣ «ሐጂ እንደሆኑ አይከዱኝም» ብለው ዝም ያሉ? ልጆቻቸው ዛሬም ስም ያፈላልጋሉ። ሐዘኑ ላይ ማንም አልወቀሰኝም፤ የሚያውቅ ስላልነበረ ነው።

«ሥራ በዛብህ፤ ማንንም ያጋጥማል» ያለኝ ወዳጅ አለ። እኔ በበኩሌ ይህ መልስ አላሳመነኝም። ሥራ በዝቶብኝ ቢሆን ኖሮ ሌሎቹ መስመሮችም ይዛወሩ ነበር። የተዛወረው ግን ሁልጊዜ ያው አንዱ ነው። ለምን? ኪራዩ ቀነ ገደብ አለው፤ ትምህርት ቤቱ በር ይዘጋል፤ ሐጂ ግን በሬን አላንኳኩም፣ ስልክም አልደወሉም። ዝርዝሬ የሚያስቀድመው የሚጮኸውን እንጂ የሚከብደውን አልነበረም።

ኢማም አል-ገዛሊ (እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት) በ«ኢሕያእ ዑሉሙ ዲን» ስለ ሙሓሰባ ሲያስረዱ ነፍስን በንግድ ሸሪክ ይመስሏታል። ነጋዴ ገንዘቡን ለሸሪኩ ሲሰጥ አስቀድሞ ውል ይገባል፣ ይከታተለዋል፣ መጨረሻ ላይ ይተሳሰበዋል፤ ሰውም ጠዋት ከነፍሱ ጋር ውል ገብቶ ማታ ሊተሳሰባት ይገባል ይላሉ። ለኛ ለጅማ ሰዎች ይህ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። በሁለተኛው አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878-1932) በሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ሁሉ የሚገናኝበት ከተማ ልጆች ነንና።

እንግዲህ ከዚህ ምሳሌ ላይ ቆሜ ሳስብ፣ የነጋዴ መዝገብና የኔ ደብተር የሚለያዩበትን ነጥብ ያየሁ ይመስለኛል። ነጋዴ በመዝገቡ ላይ ያለበትን ዕዳ ብዕሩን አንስቶ ወደሚቀጥለው ሐሙስ ማሻገር አይችልም። ቀጠሮው የሁለት ሰው ነው። ሊያራዝም ከፈለገ ባለ ገንዘቡ ዘንድ ሄዶ «ታገሰኝ» ማለት አለበት። በኔ ደብተር ላይ ግን የራሴም የሰውም ጉዳይ እኩል መስመር ነበሩ። መጽሐፍ ማንበብን ወደ ነገ ባሻግረው የተበደልኩት እኔው ነኝ፤ «ሐጂ ዘንድ መሄድ» የሚለውን ሳሻግር ግን የማሻግረው የሳቸውን ቀን ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ብቅ ብዬ «ሐጂ፣ እስከ ሳምንት አልመችም» ብላቸው፣ ሌላ የሚጽፍ ልጅ በጠሩ ነበር። ጊንጆ ውስጥ መጻፍ የሚችል ጠፍቶ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ «ሰው በጠራህ ቁጥር ከተነሣህ የራስህን ሥራ መቼ ልትሠራ ነው?» ይባል ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከዐስር በፊትና በኋላ በጫት ላይ የሚያልፈውን ሰዓት ለጊዜው ልተወውና (እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል) ሁሉንም እሺ ማለት አይቻልም። ግን «አልችልም» ማለትም መልስ ነው። የሰውን ጉዳይ «እሺ» ብሎ ተቀብሎ በዝምታ ማሳደር ነው ያልተፈቀደልን የሚመስለኝ።

ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀች። እሷ ዝርዝር ጽፋ አታውቅም። ያደገችው ቡና ባለበት ቤት ነው፤ «ለመታጠብ የተለቀመ እሸት በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ አልጋ ላይ የተሰጣም ዝናብ ሲመጣ ካልተሸፈነ እንደዚያው። ቡና ነገ አይልም» አለችኝ። ቀጠለችና፣ «ሽማግሌስ ነገ ይላል?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ደብተሩን አልጣልኩትም። አሁን ሁለት ገጽ አለው፤ በቀኝ በኩል የራሴ፣ በግራ በኩል የሰው። በግራው ገጽ ከእያንዳንዱ ጉዳይ አጠገብ የባለቤቱ ስም ይጻፋል፤ ለእሱ ሳልነግር መስመሩ አይነቃነቅም። ከዚያ ገጽ ላይ አንድ መስመር እስካሁን አልተሰረዘም። የሐጂ ትልቁ ልጅ አባቱ ጎማ ውስጥ ስለሚያውቋቸው አንድ ገበሬ ነግሮኛል፤ ስማቸው ግማሽ ነው፣ የገንዘቡም ልክ አይታወቅም። በሚመጣው ሐሙስ አብረን እንሄዳለን፣ ኢንሻአላህ።