እኩል ክኒን፣ እኩል ፍትሕ ነው?

ፍትሕ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየትን ነው። ከሐኪምም ይህንኑ እንጠብቃለን። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሕመም ይዘው ከመጡ አንድ ዓይነት መድኃኒት በአንድ ዓይነት መጠን ይሰጣቸው፤ ከየት መጣችሁ አይባሉ። መልካም ደንብ ነው። ሰውነታችን ራሱ በአንድ ደንብ የማይሠራ ከሆነስ?

ኮዴይንን እንውሰድ። በራሱ ደካማ ማስታገሻ ነው። ኃይል የሚያገኘው ጉበት ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው፤ ይህን የሚሠራው ደግሞ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው። ትራማዶልም ብርታቱን በአብዛኛው የሚያገኘው በዚሁ ኢንዛይም በኩል ነው። ኢንዛይሙን የሚያዘው ዘረ መል በአንዳንድ ሰው ላይ ጭራሽ አይሠራም፤ ለእርሱ ኮዴይን ከውሃ ብዙም አይሻልም። በሌላው ላይ ዘረ መሉ ተደጋግሞ ይገኛል፤ ለዚህኛው የተለመደው መጠን ቶሎ ብዙ ሞርፊን ይሆንና ትንፋሽን እስከማፈን ሊደርስ ይችላል። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው ኖርትሪፕቲሊን ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ፈጣኑ ጉበት ሥራውን ሳይሠራ ያስወግደዋል።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። እሌኒ አክሊሉና የካሮሊንስካ ተቋም ባልደረቦቿ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የተደጋገመውን ዘረ መል ይዘው ተገኝተዋል። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 ሁለቱም መድኃኒቶች ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ለሕመም እንዳይሰጡ ከልክሏል፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል።

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ አድሮ፣ ወይም አረጋውያንን ሲያገላብጥ ውሎ ወገቡን ይዞ የሚመለስ ወገን አለ። ከተማዋ የልጇን የፕሪንስን ሞት አይታለች፤ በ2016 በፌንታኒል ነው የሞተው። በእንዲህ ያለ ቦታ ሐኪም ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን «ይህ ክኒን ምንም አላደረገልኝም» የሚል ሰው ሱሰኛ፣ «ግማሹ እንኳ ጣለኝ» የሚል ሰው ደግሞ ፈሪ ሊመስል ይችላል። ሁለቱም የጉበታቸውን እውነት እየተናገሩ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ሐኪሙ «ከየት ነህ?» ብሎ ይጠይቅ? ባይጠይቅ 29ኙን ለአደጋ ያጋልጣል። ጠይቆ «ኢትዮጵያዊ ነህና አይሰጥህም» ቢል ደግሞ የቀሩትን 71 ሰዎች በማይመለከታቸው ምክንያት እፎይታ ይነፍጋቸዋል። የሀገር ስም ዘረ መል አይደለም። የሀገር ስም ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል፤ ፍርድ መስጠት ግን አይችልም። መልሱ ያለው በሰውየው ደም ወይም ምራቅ ምርመራ ላይ ነው። ምርመራው እንኳ መድኃኒቱ ምን እንደሚሆን ይጠቁማል እንጂ ሕመሙን አይለካም። ስለዚህ ፍትሕ እዚህ ላይ እኩል ክኒን ማደል አይደለም፤ የእያንዳንዱን ሰው ቃል በእኩል ክብደት መስማት ነው።

ግዴታው የሐኪም ብቻ አይደለም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መድኃኒቱ ያደረገበትን የሸሸገም እንዲሁ ነው። ሐኪሙን ላለማስቀየም «ደህና ነኝ» ማለት ጨዋነት ይመስለናል። ከእኛ የተረፈውን ክኒን ወገቡን ለሚያመው ጎረቤት መስጠትም ደግነት ይመስለናል። እኔን ያስታገሰው ክኒን ጎረቤቴን ከእንቅልፍ ላያስነሳው እንደሚችል ካወቅሁ በኋላ ግን ደግነቴ ሌላ መልክ መያዝ አለበት። ክኒኑን ከመስጠት ይልቅ አብሬው ሄጄ፣ ቋንቋው ካስቸገረው እያስተረጎምሁለት፣ «ይህ መድኃኒት ለእኔ ይስማማኛል ወይ? ምርመራስ አለው?» ብሎ እንዲጠይቅ ልረዳው እችላለሁ።