ፍሬን የበጠሰው ማን ነው?

መኪና ገደል በገባ ቁጥር የምንሰማት ዓረፍተ ነገር አለች። "ፍሬን በጥሶ ነው" ትላለች። ልብ በሉ፣ ሰው የለባትም። በጣሹ መኪናው ነው፤ የተበጠሰውም የራሱ የመኪናው ፍሬን ነው። ሾፌሩ፣ ባለንብረቱና ጋራዡ ከዓረፍተ ነገሯ ወጥተው፣ ከእኛ ጋር ዳር ቆመው ከንፈር ይመጥጣሉ።

ይህን ያሳሰበኝ ደባርቅ፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ የሰማሁት ክርክር ነው። አንድ ወጣት ባለመኪና ያረጀ የጭነት መኪናውን ካምቢዮ አስወርዶ አውቶማቲክ ሊያስገጥምለት አስቧል። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ሽማግሌ ደግሞ ዕድሜያቸውን በሊማሊሞ መንገድ የጨረሱ ሾፌር ናቸው።

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ጉልበትዎ ያለቀው ፍሪሲዮን ሲረግጡ ነው። የሚመጣው ልጅ እንኳ ይረፍ ብዬ ነው" አለ ወጣቱ።

"ሳይቸግር ጤፍ ብድር!" አሉት። "ሊማሊሞን ፍሬን የሚያወርድህ መሰለህ? ማርሽ ነው እንጂ!"

እኔ በሆዴ ወዲያው ለሽማግሌው ፈረድኩ። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ዛሪማና አዲአርቃይ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገደሉን እየፈለጠ ያወጣው ነው። የጣሊያን ጦር እዚያው አጠገብ ወልቅፊት ላይ መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የሚሉት ቃላቱ ግን ከሾፌሮቻችን አፍ አልወጡም። ቁልቁለቱ ደግሞ በራሱ አንድ ሕግ አስተማራቸው፦ የምትወርድበትን ማርሽ አፋፉ ላይ ሳለህ ምረጥ። ጭነት የያዘ መኪና በፍሬን ብቻ ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ መያዝ ይለግማል። በዝቅተኛ ማርሽ ከወረደ ግን ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ ያወርደዋል።

ቆየት ብዬ ሳስበው ግን ወጣቱም ሞኝ አይደለም። በድሮ ከባድ መኪና ቁልቁለቱ መሃል ማርሽ ልቀንስ ብሎ የሳተ ሾፌር ፎሌ ላይ ይቀራል። መኪናው ፈጥኗልና ማርሹ እንደገና አይገባለትም። የድሮ ሾፌሮችን ሙያ የምናደንቀው ከተረፉት አፍ እየሰማን ነው። የሳቱት ሻይ ቤት ገብተው አይከራከሩንም። አንድ ስህተት ሕይወት የሚያስከፍልበትን ሥራ "ሙያ ነውና እንዲሁ ይቆይ" ማለት፣ ከመኪናው በታች ላልቆመ ሰው ቀላል ነው።

ደግሞስ አውቶማቲክ ምን አዲስ ነገር ሆነና? የአሜሪካው ኦልድስሞቢል እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴሉ ለገበያ አቅርቦታል። ቮልቮም እ.ኤ.አ. በ2001 ማርሹን ራሱ የሚቀይር ካምቢዮ ለከባድ መኪኖቹ አምጥቷል። አዲስ ተሠርቶ የመጣው ግን ሁሉ ነገሩ ታስቦበት ነው። በአሮጌ መኪና ላይ ሲገጠም ነገሩ ሌላ ነው። ሞተሩ ለካምቢዮው የሚልከው መልእክት ስለሌለው፣ የነዳጁ ፔዳል ምን ያህል እንደተረገጠ የሚነግር መሣሪያ ይፈልጋል። ዘይቱ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ብዙዎቹ አውቶማቲኮች ከሞተሩ ጋር የሚገናኙት በዘይት በኩል ስለሆነ፣ የሚቆልፍ መሣሪያ ከሌላቸው ቁልቁለት ላይ የሞተሩ አያያዝ ይላላል። ስለዚህ ሪታርደር የሚባለው፣ ፍሬን ሳይነካ መኪናውን የሚያዘገየው መሣሪያ አብሮ ቢገባ ይመረጣል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። የኛ ሰው ደግሞ ግማሹን አስገጥሞ ግማሹን ለእግዚአብሔር መተው ይወዳል።

ጥያቄው እንግዲህ ማኑዋል ይሻላል አውቶማቲክ አይደለም። ሾፌሩ ማርሹን በእጁ ሲመርጥ፣ ቢያንስ ውሳኔው የማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ማርሹን ከእጁ ወስደን ለብረት ስንሰጠው ውሳኔው የት ሄደ? ብረት አይጠየቅም። ድካሙን ለማሽን ማውረስ ይቻላል፤ ኃላፊነቱን ግን አይቻልም። ከሾፌሩ ላይ ቢነሳ እንኳ አየር ላይ አይንሳፈፍም፤ መኪናውን የለወጠው ባለንብረትና የገጠመው መካኒክ ትከሻ ላይ ያርፋል። ለሾፌሩም ቢሆን የአፋፉ ሕግ አይሻርም። አሮጌ መኪና ላይ የተገጠመ ካምቢዮ ከፊት ያለውን ኩርባ አያይም፤ ዝቅተኛውን ማርሽ አስቀድሞ ይዞ መውረድ አሁንም የሰው ሥራ ነው።

ሽማግሌው በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቁት። "ልጄ፣ እሺ አስገጥመው። የመጀመሪያውን ቀን ጭነት ይዞ ሊማሊሞን ሲወርድ ግን አንተ ጎኑ ትቀመጣለህ?"

ወጣቱ ቶሎ አልመለሰም። እኔም አልፈረድኩበትም። በሌላ ሰው ነፍስ የምናሳልፈው ውሳኔ ሁሉ ግን ይህች ጥያቄ የምትገባው ይመስለኛል። "እቀመጣለሁ" ማለት የሚችል ይለውጥ። የማይችል ሰው፣ ነገ መኪናው ገደል ሲገባ "ፍሬን በጥሶ ነው" አይበለን።