መራጭ በሌለበት ስፍራ

ሳይጠሩት አቤት የሚል ሰው በእኛ አገር አይመሰገንም። ነገር ግን በ1947 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ የሙዚቃና የቴአትር በዓል ሲጀመር ስምንት የተዋንያን ጓዶች ሳይጠሩ መጥተው በየግላቸው ተጫወቱ። ፍሪንጅ የሚባለው በዓል ከነዚሁ ተወለደ። መራጭ የለበትም፤ ስፍራ ያገኘ ሁሉ ይጫወታል። በ2024 እ.ኤ.አ. ከ3000 የሚበልጥ ትርኢት ቀርቦበታል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሳታስበው ሁለት ቀን ብቻ አግኝተህ እዚያ ብትደርስ ምን ታደርጋለህ? የዝነኞቹ ቲኬት አልቆ ይሆናል። ከአዳራሽ አዳራሽ የሚሮጠው ሰው አየሁ ለማለት እንጂ ለማየት የተራበ አይመስለኝም። መራጭ በሌለበት ስፍራ የመምረጡ ዕዳ በተመልካቹ ላይ ይወድቃል፤ ረጅሙን ሰልፍ መከተልም ፍርድን ለሌላ ማስረከብ ነው። ሮያል ማይል በሚባለው መንገድ ተዋንያኑ ራሳቸው ማስታወቂያ ያድላሉ። ቆመህ ጨዋታው ስለ ምን እንደሆነ ጠይቃቸው (አንደበተ ርቱዕ ሁሉ ጥሩ ተዋናይ ነው ማለት ግን አይደለም)። በቀን ከሁለት አታብዛ።

ምናልባት በጠባቡ ክፍል የምትገኙት ስድስት ሰዎች ብቻ ትሆናላችሁ። ጨዋታው ባይጥምህ ተነሥተህ መውጣት ይገባሃልን? ገንዘቡን ከፍያለሁ ትል ይሆናል። ከሺህ ሰው አንዱ ቢወጣ አይታወቅም፤ ከስድስት አንዱ ሲወጣ ግን ተዋናዩ ያያል፤ ንግግሩንም ሳያቋርጥ ይቀጥላል።