የሰንበቴው መሶብና የሙት ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ካህናትና ምእመናን ሆይ፤ በክርስቲያን ሕዝባችን ዘንድ መስጠት እንግዳ ነገር አይደለም። ማኅበሩ በየወሩ በቅዱሳን ስም ይጠጣል፤ ሰንበቴው ቅዳሴ ከወጣ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ይቀመጣል፤ ለሞተው በ40 ቀን ተዝካር ይወጣለታል፤ በደጀ ሰላም የተቀመጠ ነዳይም በበዓል ቀን ባዶ እጁን አይመለስም። ይህ ሁሉ አባቶቻችን ያቆዩልን መልካም ሥርዓት ነው፤ ልንነቅፈውም አልተነሣንም። ነገር ግን ይህን ያህል መሶብ በሚዘረጋበት ደብር በጎረቤት ያሉ የሙት ልጆች ጦማቸውን የሚያድሩ ከሆነ፥ ጉድለቱ ከወዴት እንደ መጣ መመርመር ይገባናል።

ስለዚህም በራሳችን የደረሰውን እንናገራለን፤ ጥፋታችንን መሸሸግ ማንንም አይጠቅምምና። ከንስሓ ልጆቻችን አንዲቱ ባልዋ ሞቶባት አራት ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። ይህች ሴት አስቀድማ ከሰንበቴ ቀረች፤ ጥቂት ቆይታም ከቅዳሴ ቀረች። የሰንበቴው ሙሴ፥ «እገሊት ሰንበቴዋን ትታለች» ብሎ ነገረን። እኛም የሃይማኖት መላላት መስሎን ልንገሥጻት ወደ ቤቷ ሄድን። ስንገባ እሳት ያልነደደበት ምድጃ አገኘን፤ ልጆቹም በጠራራ ቀን ተኝተው ነበር። ሴቲቱ መስቀል ተሳልማ፥ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፥ «አባቴ፥ ተራዬ ደርሶ ነበር፤ ዱቄትም ጌሾም አልነበረኝም። የሌላውን ዳቦ እየበላሁ የራሴን ሳላወጣ በሰው ፊት እንዴት እቀመጣለሁ?» አለችን። ለተግሣጽ ያሰናዳነው ቃል በአፋችን ቀረ። ባልዋ ከሞተ ጀምሮ ስለ ጾሟና ስለ ስግደቷ ጠይቀናት እናውቃለን፤ ልጆቿ ምን በልተው እንደሚያድሩ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀናት አናውቅም ነበር።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሰንበቴ የተሠራው ድኃ እንዲጠግብበት ነው፤ ድኃይቱን ያስወጣት ግን የሰንበቴው ተራ ነው። ክፉ ያሰበባት ሰው የለም፤ ነገር ግን ተራው ላለውም ለሌለውም አንድ ስለ ሆነ፥ የሌላት በኀፍረት ወጣች። በደጀ ሰላም እጁን የሚዘረጋ ይታያል፤ በሩን ዘግቶ ከልጆቹ ጋር የሚራብ ግን አይታይም። እርሱን የሚያገኘው ሊፈልገው የሄደ ብቻ ነው።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 በእርሻ የተረሳ ነዶ ለመጻተኛ፥ ለሙት ልጅና ለመበለት እንዲቀር ታዝዛለች። በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2 እንደምናነበው ግን ቦዔዝ ሕጉ ካዘዘው በላይ አደረገ፤ አጫጆቹ ከነዶው ሆን ብለው እየመዘዙ እንዲጥሉላት፥ እርሷንም ከመውቀስ እንዲቆጠቡ አዘዘ። እህሉን ሰጠ፥ ክብሯንም ጠበቀ። ሩትም በገዛ እጇ ቃርማ ወደ አማቷ ገባች። ከዚህም ቤት የዳዊት አያት ኢዮቤድ ተወለደ፤ መድኃኒታችንም በሥጋ የተወለደው ከዚህ ዘር ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተነገረውም፥ የግሪክ ቋንቋ ይናገሩ ከነበሩት ወገን የሆኑ መበለቶች በየዕለቱ ከሚታደለው ማዕድ ተዘንግተው ነበር። ሐዋርያት የተገፉትን ጩኸት አልናቁም፤ ሰባቱን ዲያቆናት ሾሙ። ስለዚህ ዲያቆን የሆንህ ወንድማችን፥ ሹመትህ የተጀመረው በተረሳች መበለት ማዕድ ምክንያት መሆኑን አትዘንጋ።

ዲድስቅልያም ልጅ የሌለው ክርስቲያን የሙቱን ልጅ እንደ አብራኩ ክፋይ ተቀብሎ እንዲያሳድግ ይመክራል፤ በሀብቱ ኰርቶ የሙት ልጅ ማስጠጋትን የሚያፍረውንም ይገሥጻል። ይህም በየቤታችን ሥር ያለው ነገር ነው። ወንዱ በ40፥ ሴቲቱ በ80 ቀን ስትጠመቅ ክርስትና የሚያነሣ ሰው ይቆማል። ይህ ሰው የቆመው ለአንድ ቀን ልብስና ለአንድ ቀን ድግስ አይደለም፤ ወላጅ ሲጎድል ወላጅ ሊሆን ነው። የክርስትና ልጅህ አባቱ ከሞተ ወዲህ ትምህርቱን አቋርጦ እንደ ሆነ ሳታውቅ የክርስትና አባት ነኝ ማለት እንዴት ይሆንልሃል?

ምናልባት፥ «እንዲህ ከተሰጠ ስንፍና ይበዛል» የሚል ይኖራል። ስለ ጎልማሳው መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ሕፃን ግን አባቱ እንዲሞት አልመረጠም፥ በስንፍናም አይከሰስም። ታላቁ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሳርያ ረኃብ በጸና ጊዜ የባለጸጎችን ጎተራ በትምህርቱ አስከፈተ፤ የተራቡትን ወንዶችና ሴቶች፥ ሕፃናትና ሽማግሎች ሰብስቦ ራሱ ወገቡን ታጥቆ እንዳበላቸው ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት መስክሮለታል። ረኃባቸው መድኃኒት የሚሻ ነበርና አስቀድሞ አበላ።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የሴቲቱን ስም ሳንጠራ ጉዳዩን ለሰንበቴው ሽማግሎች አቀረብን፤ እነርሱም መክረው ሦስት ነገር ቈረጡ። ተራውን ማውጣት ለማይችል ከሰንበቴው ገንዘብ ይሸፈንለት፥ ይህንንም ከሙሴውና ከንስሓ አባቱ በቀር ማንም አይወቅ፤ ተዝካር የሚያወጣ ሰው ከድግሱ ቀንሶ ለሙት ልጆች ደብተርና ልብስ ይስጥ፤ የንስሓ አባትም ሁሉ ዘመን ሳይለወጥ፥ ትምህርት ቤትም ሳይከፈት የልጆቹን ቤት ዞሮ ይጠይቅ። ይህን ለመፈጸም ሕንፃም ሹመትም አላስፈለገም፤ መሶቡ ቀድሞም ነበረ፥ የተለወጠው የሚዞርበት መንገድ ነው።

ተራዋ በደረሰ ጊዜ ዳቦው ከሴቲቱ ቤት ወጣ። ታላቅ ልጇ ተሸክሞት መጣ፤ ሙሴውም እንደ ሌላው ሁሉ ተነሥቶ ተቀበለው። ዱቄቱ ከማን ጎተራ እንደ ወጣ የጠየቀ የለም።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታችን የሚመጣውን ፍርድ ሲያሳየን ስለ ተዝካራችን ብዛት አልተናገረም፤ የተራበውን ስለ ማብላት፥ የታረዘውንም ስለ ማልበስ ተናገረ። በመጪው እሑድ ከሰንበቴው መካከል ማን እንደ ጎደለ እንቍጠር፤ የጎደለውንም ለመውቀስ ሳይሆን ለመጠየቅ ወደ ቤቱ እንሂድ። የሙት ልጆች አባት እግዚአብሔር ልባችንን ለዚህ ያነሣሣልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።