ብድር መመለስ ለማይችል ሰው ቤት መሥራት

የተወደዳችሁ ካህናትና ምእመናን ሆይ፤

በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ፣ ጎጆ የሚቀልስ ሰው ብቻውን አይደክምም። ጎረቤት በደቦ ተሰብስቦ እንጨቱን ያቆማል፣ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክቶ ይመርጋል፣ ጣራውንም ይከድናል፤ ባለቤቱም ጠላ ጠምቆ ይቀበላል። በወንፈል ከሆነም ዛሬ የተረዳ ነገ በተራው ይረዳል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን ጠላ የምትጠምቅበት እህል፣ ወንፈል የምትመልስበት ጉልበት የሌላት መበለት ማንን ትጠራለች? ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ብድር ሊመልሱልን የማይችሉትን እንድንጠራ ያስተማረን ስለዚህ ነው።

በዘመናችን ከሩቅ አገር ተነሥተው፣ ለማያውቁት ቤተ ሰብ ድንጋይ የሚሸከሙ ሰዎች አሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 በአሜሪካ የተመሠረተው ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የተባለ ድርጅት እንዲህ ያሉትን በጎ ፈቃደኞች ያሰማራል፤ በ1993ም በአገራችን ሥራ ጀመረ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር ከ1984 ጀምሮ በዚህ ሥራ ሲያገለግሉ ኖረው፣ በ2019 በ95 ዓመታቸው እንኳ ከሠራተኞቹ መካከል ተገኝተዋል።

ከሩቅ የሚመጣ ረዳት ግን ነህምያን ይምሰል። ነህምያ ከሱሳ ተነሥቶ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ፣ አስቀድሞ በሌሊት ዞሮ የፈረሰውን ተመለከተ፤ ከዚያም ከአገሩ ሰዎች ጋር ሆኖ ቅጥሩን በ52 ቀን ፈጸመ። እንግዳውም አስቀድሞ ይመልከት፣ ይጠይቅ፣ ከአገሩ አናጢ ይማር፤ ለውዳሴ ከንቱ የሚደክም ዋጋውን በምድር ጨርሷልና።

እኛስ? ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው ሳለ፣ የጎረቤታችንን አጥር ላለመሻገር ምን ምክንያት እናቀርባለን? የማን ጣራ እንደሚያፈስ ከንስሐ አባት ይልቅ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የሰኔ ዝናም ሳይደርስ፣ በየደብሩ ማኅበሩና ሰንበቴው በንስሐ አባቶች ምክር አንድ ቤት ይምረጡ። ሣር ያለው ሣር፣ ባሕር ዛፍ ያለው እንጨት፣ ምንም የሌለው ጉልበቱን ያምጣ። ጠላውም ከመበለቲቱ ጓዳ ሳይሆን ከማኅበሩ ጓዳ ይቅረብ፤ ወንፈሉንም ማንም አይጠብቅባት።

በምድር ሲመላለስ ራሱን የሚያስጠጋበት ያልነበረው ጌታ ከድኾች ጋር ይቈጠራልና፣ ለእርሷ የከደንነው ጣራ ለእርሱ የከደንነው ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።