ኢማም አል-ገዛሊ እና የኤሌክትሪክ ጊታር

ሶማሌላንዳዊቷ ሣህራ ሐልገን ስትዘፍን ከኋላዋ የሚያጓራው የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ጊታሩን የሚጫወተው ማኤል ሳሌትም ሆነ ከበሮ መቺው አይመሪክ ክሮል ፈረንሳውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው «ሂዶ ዳውር» አልበም ኪቦርድ ተጨምሮበት ድምፁ የ1960ዎቹን ሳይኬደሊክ ሮክ ይበልጥ መስሏል፤ አንዲት ሐረግ ደግማ ደጋግማ ትመጣለች፣ አድማጭም የቱ ጋ እንደጀመረ ይጠፋዋል። ዘፋኟ በ1980ዎቹ የሶማሊያውን መሪ ሲያድ ባሬን ለመጣል በተደረገው ጦርነት ቁስለኞችን ታስታምም ነበር። መድኃኒት ሲያልቅ የምትሰጣቸው ዜማ ነበር።

ቀብሪበያ ለዚህ ታሪክ ባዕድ አይደለችም። ከጅግጅጋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ከተማ ከ1991 ጀምሮ የሶማሌ ስደተኞች መጠለያ አላት። ቀደም ብሎ በ1988 የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ፣ በአቅራቢያዋ ያለችው ሐርትሼክ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተቀብላለች። በዚያው ጊዜ የራዲዮ ሐርጌሳ ካሴቶች ከቦምብ እንዲተርፉ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበሩ፤ ከፊሎቹ ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። ነፍስ በምትጨነቅበት ሰዓት ዘፈን መደበቅ ትልቅ ፍቅር ነው። ሆኖም ሰው የወደደው ሁሉ ሐላል አይሆንምና ፍቅሩ ለሃይማኖቱ ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

ጥያቄው ይህ ነው፦ እንዲህ ያለ ባንድ አንድ ምሽት ቀብሪበያ ላይ ቢጫወትና ሙስሊሙ አድማጭ ከራሱ ቢወጣ፣ የሄደው ወዴት ነው?

በ1111 ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሙዲን» በተባለው መጽሐፋቸው ለዜማ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥተዋል። ዜማ በልብ ያለውን ይቀሰቅሳል እንጂ የሌለውን አያመጣም ባይ ናቸው። የክር መሣሪያዎችንና አንዳንድ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ግን ከልክለዋል። ለምን? ስለሚያስደስቱ አይደለም፤ ደስታ ጥፋት ቢሆን የወፍ ዜማም ሐራም በሆነ ነበር። በእሳቸው ዘመን መሣሪያዎቹ የጠጪዎች ጓዝ ስለነበሩ ከመጠጡ ጋር አብረው ተከለከሉ። እንግዲህ ሣህራ ሐርጌሳ ላይ የከፈተችው የሙዚቃ ቤት፣ ስሙን ለአልበሙ ያዋሰው ሂዶ ዳውር፣ መጠጥ አይቀርብበትም፤ አገሩም አልኮል ይከለክላል። ጠርሙሱ ከሌለ በጊታሩ ላይ የቀረው ክስ ምንድን ነው?

ለዚህ ጠንካራውን መልስ የሚሰጡት በ1328 ያረፉት ኢብን ተይሚያ ናቸው። በእሳቸው አስተያየት ሙዚቃ ራሱ የነፍስ ወይን ነው። ጠርሙሱን ብታነሳውም ስካሩ አለ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ «ይሄ እኮ ባህል ነው» ብለው ነገሩን ከሚያድበሰብሱት የሙዚቃ ወዳጆች ይልቅ ሳይኬደሊክ ሮክን በቅጡ የሚገልጸው የኚህ ሰው ክስ ነው። ይህ ሙዚቃ ኤል ኤስ ዲ ከተባለው ዕፅ ጋር ያደገ፣ አእምሮን ከመደበኛ ቦታው ማናወጥን ዓላማው ያደረገ ነው፤ አላሰከርኩም ብሎ ሊምል አይችልም።

ክሱ ግን ጊታር ላይ ብቻ አይቆምም። ከጅግጅጋ በስተ ምዕራብ ሐረር ላይ የአላህ ስም በሚወሳበት የዚክር ሌሊት ከበሮው ይመታል፣ ጠፍጣፋ እንጨቶች በሁለት እጅ ተይዘው ይጋጫሉ፣ አንድ ሐረግ እየተደጋገመ ይፈጥናል፤ ሌሊቱን ለመግፋት ጫት ይቃማል። ምርቃና አለ፣ ድግግሞሽ አለ፣ ከራስ መውጣትም አለ። የሚለየው የተጠራው ስም ነው። ለገዛሊ ይህ ልዩነት ሁሉ ነገር ነው፤ ለኢብን ተይሚያ ስሙ ቅዱስ መሆኑ ስካሩን አያነጻውም።

ከሁለቱም ጋር የማይገጥም ሦስተኛ መንገድም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 ሂዝቡል ኢስላም የተባለው ታጣቂ ቡድን የሞቃዲሾ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሙዚቃ እንዲያቆሙ አዘዘ። አንዳንዶቹ በመግቢያ ዜማው ምትክ የተኩስና የእንስሳት ድምፅ ለቀቁ። ተኩሱ አለፈ፣ ዑድ የተባለው የክር መሣሪያ ተከለከለ!

የገዛሊን ሚዛን የሚይዝ ሰው የቀብሪበያውን ምሽት በጅምላ ሊፈርድበት አይችልም፤ ዘፈን በዘፈን መመርመር ይኖርበታል። ዳንቶ ቢመጣ ነገሩ ቀላል ነው። የዚሁ አካባቢ የሰርግ ጭፈራ ነው፤ ጭብጨባና የእግር ምት ይበቃዋል፣ ባንድ ሲጫወተው ደግሞ ሬጌ ይመስላል። አስቸጋሪው በ1980ዎቹ የሞቃዲሾን ዳንስ ቤቶች ያናወጠው ዱር-ዱር ባንድ የሠራው ነው። ባንዱ ከዳንቶው ጎን የዛርን ምት ከፈንክ ጋር አዋህዶ ተጫውቷል። ምቱ ከጠጪ ጋር ንክኪ የለውም፤ የመጣው መንፈስ ከሚጠራበት ቤት ነው። ገዛሊ ክሩን የከለከሉት በጓደኛው ከሆነ፣ ዛሩን ወደ ዲስኮ መብራት ማምጣት ከአሮጌ ጓደኛው ያፋታዋል ወይስ ጓደኛውን ይዞት ይመጣል? እዚህ ላይ ሸይኹም ጊታረኛውም እኩል የሚያከራክር ጉዳይ አላቸው።