«ይሁን» እና «ይቻላል»

አማካሪ ለምክሩ ምን ያህል ይጠየቃል የሚለው ጥያቄ ይበልጥ የሚከብደው አማካሪው የሕግ ሰው፣ ጉዳዩም ጸጥታ ሲሆን ነው። ሹሙ «ይሁን» ይላል፤ የሕግ ሰው ደግሞ «ይቻላል» ይላል። ሁለተኛዋ ቃል ካልቀደመች የመጀመሪያዋ ብዙ ጊዜ ከአፍ አትወጣም። በሰነዱ ግርጌ የሚፈረመው ግን በ«ይሁን» ስም ብቻ ነው።

የንጉሥ ዳዊት መካር የነበረው አኪጦፌል ወደ ዐመፀኛው የንጉሡ ልጅ ወደ አቤሴሎም ከዞረ በኋላ፣ አሥራ ሁለት ሺህ ሰው መርጦ በዚያው ሌሊት ዳዊትን እንዲያሳድድ ራሱ ጠየቀ። የሌላው መካር የኩሲ ምክር ተመርጦ የእሱ ሲቀር አህያውን ጭኖ ወደ አገሩ ገባ፤ የቤቱን ነገር አደላደለና ታንቆ ሞተ። ታሪኩ ለከዳተኛ ማስጠንቀቂያ ተደርጎ ይሰበካል። ሆኖም ይህ ሰው ምክሩን በራሱ እግር ሊከተል የተነሣ፣ ዕዳውንም ለሌላ ያላስተላለፈ መካር ነበር።

ዘመናዊው አማካሪ እንዲህ አይደለም። አሜሪካዊው የሕግ ባለሙያ ጆን ስፔንሰር በ1928 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አማካሪ ሆኖ አዲስ አበባ ገባ፤ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ለረጅም ዓመታት አገለገለ። የ1948ቱን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት አንዱ ነው፤ አሜሪካ በአስመራ የቃኘው ጣቢያን ይዛ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና ሥልጠና ባገኘችበት በ1945ቱ ስምምነት ድርድርም እጁ ነበረበት። የስምምነቱ ፈራሚ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ እሳቸውም የሕግ ሰው፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ተረሸኑ። የተገደሉት በዚያ ስምምነት ምክንያት አይደለም። ስፔንሰር ግን አሜሪካ ሆኖ በ1976 ዓ.ም. ትዝታውን አሳተመ።

በምዕራብ ሸዋ ሌላ ሥርዓት ይታወቅ ነበር። የሜጫ ኦሮሞ ሕግ ከሕግ ደንጋጊው ከማኮ ቢሊ ስም ጋር ተያይዞ በሚነሣበት በኦዳ ቢሲል፣ ሕግ የሚደነገገው ከዛፍ ጥላ ሥር፣ በጉባኤ ፊት ነበር። በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ለተረኛው ይተላለፍ ነበር። ጉባኤው ፍጹም አልነበረም፤ የሴቶች ቦታ ጠባብ ነበር። ያም ሆኖ «ይቻላል» ያለው ሰው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቀው ነበር።

በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከዚያው ከምዕራብ ሸዋ፣ ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ አምቦንና ሌሎች ከተሞችን አዳርሶ፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መመሪያውን የመከላከያ ሚኒስትሩ በይፋ አሳወቁ፦ የተቃውሞው ምልክት የነበረው ክንድን ከራስ በላይ አጣምሮ ማሳየት ተከለከለ፤ ዲፕሎማቶችም ያለ ፈቃድ ከአዲስ አበባ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቁ ታዘዘ። ጊንጪ የዚህን እጥፍ ያህል ትርቃለች፤ አምቦማ ከዚያም ወዲያ ናት። ክንድ ማጣመር በሕግ ቋንቋ እንዴት ወንጀል እንደሚሆን አስልቶ የጻፈ ብዕር መኖሩ አያጠራጥርም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። ቦርዱ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሁሉ ስም፣ ከታሰሩበት ምክንያት ጋር፣ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። የአርቃቂውንና የመካሩን ስም ይፋ አድርጉ የሚል ንዑስ አንቀጽ የለም።